የሁሉም አጎት

ሙሄዲን ሰዒድ ካርቱም በገባበት ቀን የሠራው ስሕተት ዛሬም ድረስ ሳጃና በሚባለው ሰፈር ይሳቅበታል። ከመተማ ተነሥቶ ሁለት ቀን አቧራ ሲቅም ሰንብቶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ አንዲት ፌስታል አንጠልጥሎ፣ የሚስቱን ቤት ጠይቆ ጠይቆ ደረሰ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ ሲያደርገው ሰባት ሴቶች ተከናንበው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። የሚያወራ የለም። አንዷማ ዓይኗን ትጠርጋለች። ሙሄዲን ክው አለ። ጫማውን አወለቀ፣ እጁን ዘርግቶ ፋቲሐ ቀራ፣ ከጨረሰም በኋላ በተሰበረ ድምፅ

«አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ። የሞተው ማነው?» አለ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በዕድሜ የምታንሰው ሳቋን መቻል አቅቷት ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። በዚህ መሐል ሉጥፊያ ከጓሮ በኩል ብቅ አለች። ባልና ሚስት ከተያዩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰው? ማንም አልሞተም! ሥራ ነው የሚጠብቁ።»

«የምን ሥራ?»

«እስቲ መጀመሪያ አረፍ በል። እነግርሃለሁ።»

ነገረችው። ያን ቀን የነገረችው አልገባውም። በማግሥቱም አልገባውም። እውነቱን ለመናገር፣ ሲውል ሲያድር ይብሱን ግራ እየገባው ነው የሄደ።

ሙሄዲን የሸማኔ ልጅ፣ የሸማኔ የልጅ ልጅ ነው። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ሰንበሌጥ የምትባል መንደር አለች። ዙሪያዋ ሁሉ የክርስቲያን አገር ሆኖ እሷ ሠላሳ የማይሞሉ የእስላም ቤቶች አሏት። እስላም ርስት በማያገኝበት በጥንቱ ዘመን አባቶቻቸው ሞፈርና ቀንበሩን ለባለርስቱ ትተው መወርወሪያ ጨበጡ ይባላል። የአገሩ ሴት ትፈትላለች፣ የሰንበሌጥ ወንድ ይሸምናል። ባላገሩ ለጥምቀት የሚወጣበት ነጠላ፣ ሙሽራ የሚለብሰው ጋቢ፣ ሕፃን ለክርስትና የሚጠቀለልበት ኩታ፣ ሁሉም ከእነዚያ የእስላም የሽመና ጉድጓዶች ነው የሚወጣ። ጎረቤት በደኅናው ቀን «ሙሄዬ» ይለዋል፣ በተጣሉ ቀን የሸማኔን ስድብ አንሥቶ «ቁጢት በጣሽ» ይለዋል። ወደደም ጠላም ግን ፈትሉን ተሸክሞ የሚመጣው ወደዚያው በር ነው።

ኋላ ከፋብሪካ የወጣ፣ ጥበቡ የታተመበት ጨርቅ ገበያ ገባ። ከሩቅ ሲያዩት ጥበብ፣ ቀርበው ሲነኩት ቀለም ብቻ ነው። ሙሄዲን መጀመሪያ ሲያየው ስቆበት ነበር። «ይኼን ለብሶ ታቦት ፊት የሚቆም የለም» አለ። ቆሙ። በዓመቱ ግማሹ ቆመ፣ በሁለተኛው ዓመት ሁሉም ቆመ። የሰንበሌጥ ወንድ ተበተነ። አንዱ ወርቅ ቁፋሮ ሄደ፣ አንዱ ባሕር ዳር የመጋዘን ዘበኛ ሆነ። የሙሄዲን ታናሽ ወንድም ዛኪር የሽመና ዕቃውን ነቃቅሎ እንጨቱን የዶሮ ቤት ሠራበት፣ ራሱ በግ ነጋዴ ሆነ፣ ከበጉ ወደ ጫት፣ ከጫቱ ወደ ሞተር ሳይክል አለፈ። በአራት ዓመት ሦስት ሥራ ማለት ነው። ሙሄዲን ግን በቃ ጉድጓዱ ውስጥ እንደተቀመጠ ቀረ። ሉጥፊያ ለእሱ የምትፈትለውን ጥጥ አንድ ቀን ከጭኗ ላይ አራግፋ

«እኔስ የምፈትለው ለአንተ ነው። አንተ የምትሸምነው ለማን ነው?» አለችው።

ያን ዓመት ከሌሎች ሴቶች ጋር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን አቀናች። በስልክ «ሰው ቤት ነኝ» ትለው ነበር፤ ቆይታ ደግሞ «አሁን ወጥቻለሁ፣ በራሴ ነኝ» አለች። «በራሴ» ማለት ምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ምግብ የምትሸጥ መስሎታል። በ2014 ለጥምቀት ፈትል ይዞ የመጣ አንድም ሰው ሲጠፋ ግን፣ በየካቲት፣ የቤቱን ቁልፍ ለዛኪር ሰጥቶ ተከተላት።

የሉጥፊያ ሥራ ይኼ ነው። ከወሎም ከጎንደርም ልጆች ይመጣሉ። ቤታቸው ሠራተኛ የሚፈልጉ ሱዳናውያን ይደውላሉ። እሷ ታገናኛለች። ለድካሟም የመጀመሪያው ወር ደሞዝ ላይ ድርሻ አላት። ዐረቦቹ «ሲምሳራ» ይሏታል፣ ደላላ ማለታቸው ነው። ልጆቹ «እታለም» ይሏታል። ሥራ እስኪገኝ እሷው ዘንድ ያድራሉ፣ ይበላሉ፣ ያለቅሳሉ። አንዳንዷን ስትመክር ሙሄዲን ይሰማታል፤ «ማማ ስትቆጣ ዓይኗን አትዪ፣ እጇን እዪ» ትላለች። ማማ ማለት የቤቱ እመቤት ናት። ስትመክር ሉጥፊያ እናት ትመስላለች። ወዲያው ደግሞ ስልክ አንሥታ በሌላ ድምፅ፣ በፈጣን ዐረብኛ፣ «ጎበዝ ናት፣ ጤነኛ ናት፣ ወጣት ናት» ስትል ይሰማታል። ያን ጊዜ ሙሄዲን የዛኪርን የበግ ገበያ ያስታውሳል፣ ወዲያውም በሐሳቡ ያፍራል።

ቤት መዋሉን ስላልቻለው ጎረቤታቸው ጋሼ ወልደሥላሴ ልብስ መተኮሻ ሱቁ ውስጥ አስገባው። ጋሼ ወልደሥላሴ ሠላሳ ዓመት ካርቱም የኖረ የጎንደር ሰው ነው፤ አማርኛው ከዐረብኛ ጋር ተጋብቶ ወልዷል፤ ሰውን «ዙል»፣ ደንበኛን «ዘቦን»፣ መተኮስን «መክዋ» ይላል። መብራት ሲጠፋ በከሰል ካውያ ይሠራሉ፣ መብራት ደግሞ ሁልጊዜ ይጠፋል። ሙሄዲን ጅላብያውን ዘርግቶ ጫፉን በጣቶቹ መሐል እያሸ ይቆያል።

«ያ ዙል! ምን ትመረምረዋለህ? መክዋ አድርግበት እንጂ! ዘቦኑ በር ላይ ቆሟል፣ ያላ!»

«ማጉ ላላ ብሏል፣ ጋሼ። ሁለት ዓመት አይለብሰውም።»

«ላንተ ምን ገዶህ? አልሸጥክለት!»

ሌላ ሰው የሠራውን ጨርቅ ለሌላ ሰው ማቅናት። ይኼ ሥራ ነው? ክፉ አልነበረም። ብቻ ሲመሽ ቀኑን ሙሉ ምን እንደሠራ እጁን ቢያየው ምንም የለበትም።

ግንቦት ላይ ፋሪሃ መጣች። ፋሪሃ የዛኪር ልጅ ናት። ሙሄዲንና ሉጥፊያ አላህ ልጅ ስላልሰጣቸው ያደገችው እነሱ እጅ ላይ ነው። ሃያ ዓመቷ ነው፣ ቀጭን፣ ነገር የማያመልጣት። ዛኪር ደወለ።

«አያ፣ ሞተሩ ተበላሽቷል፣ መንገዱም ሰላም አይደለም። ፋሪሃን ልኬያታለሁ። አማና ናት።»

«አማናህን ተቀብያለሁ» አለ ሙሄዲን። ሌላ ምን ይበል?

ፋሪሃ ከሌሎቹ ጋር ግድግዳውን ተደግፋ ስትቀመጥ ማየት አቃተው። ሉጥፊያ ግን «ከእኔ ጋር ቁጭ ብላ ልትውል አይደለም የመጣችው» አለችና በሳምንቱ ሶባ አካባቢ አንድ ደኅና ቤት አስገባቻት። ባሏ የሞተባት አስተማሪ ናት፣ በቱል ትባላለች፣ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ደሞዙም ደኅና ነው ተባለ። ፋሪሃ ዓርብ ዓርብ ትደውል ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ዓርብ አልደወለችም። ሙሄዲን ቢደውል ስልኳ ዝግ ነው። ቅዳሜ ዝግ፣ እሑድ ዝግ። ሰኞ ዕለት በቱል ራሷ ለሉጥፊያ ደወለች። ሉጥፊያ ጆሮዋ ላይ ስልኩን እንዳደረገች ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

«ምን አለች?»

«ልጅቱ ጠፋች አለች። ምትክ ላኪልኝ ትላለች።»

«አንቺስ?»

«ሸምሲያን እልካለሁ።»

ሸምሲያ የከሚሴ ልጅ ናት፣ ሥራ ከሚጠብቁት በዕድሜ ትልቋ። ማንም አይደውልላትም፣ ለማንም አትደውልም። ሻንጣዋን አንሥታ ያን ቀን ከሰዓት ሄደች።

ሙሄዲን ጆሮውን ማመን አቃተው። «ፋሪሃስ? ምትኩን ላክሽ፣ ዋናዋስ የት አለች?»

«ትደውላለች።»

«ትደውላለች? ሉጥፊያ! ይቺ እኮ ፋሪሃ ናት! አንቺ አይደለሽ ፀጉሯን የሠራሽላት?»

«ሙሄዲን፣ ካርቱም ነው ያለኸው። ዝም ማለት ልመድ።»

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው እንደ እንግዳ ሆኖ ኖረ። ዛኪር በየሁለት ቀኑ ይደውላል፣ ሙሄዲን «ደኅና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው» ይላል፤ በሕይወቱ እንዲህ ዋሽቶ አያውቅም። ሚስቱን ያያታል። ትስቃለች፣ ታበስላለች፣ በስልክ ትከራከራለች። ይቺ ሴት ማናት? ሦስት ዓመት ሰውን እንዲህ ይለውጣል? ወይስ ድሮም እንዲህ ነበረች፣ እሱ አቀርቅሮ ሲሸምን አላያትም?

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት ለማንም ሳይናገር ወደ ሶባ ተነሣ። ቀኑ ምን እንደሆነ አላወቀም። በወታደሩ መንግሥት ላይ ሰልፍ የተጠራበት ቀን ነበር፤ መንገዱ ሁሉ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘግቷል። የተሳፈረበት ሚኒባስ ግማሽ መንገድ አውርዶት ተመለሰ። ወጣቶች ፊታቸውን ሸፍነው ይሮጣሉ፤ አንዱ ሊያልፍ ሲል ቆመና የታሸገ ውኃ እጁ ላይ አስቀምጦለት «ሐጅ፣ ወደ ቤትህ ግባ» ብሎት ሄደ። የትኛው ቤት? ሙሄዲን በእግሩ ቀጠለ። አድራሻ የለውም። ያለው በቱል የሚል ስምና ሉጥፊያ በስልክ ስታወራ የሰማው «ከሐኪም ቤቱ በስተጀርባ፣ አረንጓዴ በር» የሚል ቃል ነው። አረንጓዴ በር ደግሞ በሽ ነው።

ዐረብኛው ሌላ ጉድ ነው። ቁርኣን ተምሯል፣ ኪታብ አገላብጧል፤ ስለዚህ አንዱን ባለ ሱቅ ሲጠይቅ እንደ መስጊድ ሰባኪ ነው የሚናገር። ሰውየው ሳቁን ዋጥ አድርጎ በሩን አሳየው።

በቱል በሩን ራሷ ከፈተች። የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉትን ነጭ ቶብ የለበሰች፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። የልጅቱ አጎት መሆኑን ስታውቅ አስገባችው፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሰጠችው፣ ወንበር አቀረበችለት። እሱ ተቆጥቶ ሊናገር ያሰበው ሁሉ በዚያ ውኃ አብሮ ተዋጠ።

«እንደ ልጄ ነበር ያየኋት» አለች። «አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የለችም። ምን አጠፋሁ? አንተ ንገረኝ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። የምትዋሽ አትመስልም።

ከበሩ ሲወጣ የጎረቤቱ ዘበኛ ጠራው። «አጎቷ ነህ? አባረዋት ነው» አለው ሹክ ብሎ። «ጩኸት ሰምቻለሁ።» ማን እንዳባረራት ሲጠይቀው ግን ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀ። ባለ ሱቁ ዘንድ ተመለሰ። ባለ ሱቁ ደግሞ «ማንም አላባረራት፣ ሴት መጥታ ነው የወሰደቻት» አለ።

«ምን ዓይነት ሴት?»

«ሐበሻ። ያ ረክሻ ነው የጫናቸው፣ እሱን ጠይቀው» ብሎ ጥግ ላይ የቆመውን ባለ ሦስት እግር ባጃጅ አሳየው።

ሙሄዲን ራሱን ያዘ። ጠፋች፣ ተባረረች፣ ተወሰደች። ሦስት ሰው፣ ሦስት ነገር። ምናልባት ቋንቋው ነው? ምናልባት አንድ ነገር ተናግረው እሱ ነው ሦስት አድርጎ የሰማው? ባለ ረክሻው ግን ቀላል ሰው ነበር። አስታወሰ። «ማዮ ሰፈር ነው ያደረስኳቸው፣ የውኃ ታንከሩ አጠገብ። ግባ» አለው።

ማዮ ሲደርሱ ፀሐዩ አናት ይበሳል። መንገዱ አሸዋ ነው፣ ቤቱ ጭቃና ጆንያ። ከታንከሩ አጠገብ በቆርቆሮ የተሸፈነ ዳስ አለ፤ ከውስጡ የስፌት መኪና ድምፅ ይንቀጫቀጫል። ሙሄዲን አጎንብሶ ሲገባ አምስት ሴቶች በየመኪናቸው ጀርባ ተቀምጠዋል፣ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። በሦስተኛዋ መኪና ላይ፣ ክር በጥርሷ ይዛ፣ ፋሪሃ።

ክሩ ከአፏ ወደቀ።

«አጎቴ! እታለም ነግራህ ነው የመጣህ?»

ሙሄዲን እዚያው ቆመ። ልጅቱ ዘላ ተጠመጠመችበት፣ ትከሻውን ሳመች፣ ወንበር ጎተተችለት፣ እሱ ግን ያቺ አንዲት ጥያቄ ጆሮው ውስጥ ትደውላለች። እታለም ነግራህ ነው?

«እታለም... ታውቃለች?»

«ኧረ እሷ አይደለች ያመጣችኝ!» አለች ፋሪሃ። ከዚያም ፊቱን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የማማ በቱል ልጅ ነው። ትልቅ ሰው ነው፣ ተማሪ። እናቱ ሥራ ስትሄድ የጓዳዬን በር ያንኳኳል። መጀመሪያ ያንኳኳል፣ ኋላ መግፋት ጀመረ። ለእታለም ደወልኩ። በሰዓቱ መጣች። ጮኸችበት፣ እቃዬን ሰበሰበች፣ እዚህ አመጣችኝ። የዳሱ ባለቤት ሐጃ ከልቱማ ከዳርፉር ተፈናቅላ የመጣች ናት፤ እታለም ሰው ቤት ስትሠራ የተዋወቀቻት ናት። የስልኬን ሲም አውጥታ ጣለች። ‹ማንም እንዳያገኝሽ› አለች።»

«እኔም እንዳላገኝሽ?»

ፋሪሃ አቀረቀረች። «‹ሙሄዲን ፊቱ አይደብቅለትም› ብላ ነው።»

ሐጃ ከልቱማ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት፣ ሻይ አመጣችለት። ፋሪሃ የሰፋችውን ሸሚዝ አሳየችው። ሙሄዲን ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰ። ቀጥ ያለ ነው። ደስ ሊለው ሲል ግን አንድ ነገር ትዝ አለውና የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠ። ሸምሲያ።

ሳጃና ሲደርስ ሉጥፊያ ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር። ሴቶቹ ሁለት ቀርተዋል። እጇን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት።

«ማዮ ነበርኩ።»

ያጠበችውን ልብስ እንደያዘች ለአፍታ ቆመች። «ታዲያ አየሃት። አልሐምዱሊላህ። አሁን እረፍ።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ አቃጠልሽኝ!»

«ምን ላድርግ? ብነግርህ ሶባ ሄደህ ደጃፏ ላይ ትጮሃለህ። የሴትዮዋ ወንድም መኮንን ነው። በማግሥቱ ‹ወርቅ ሰርቃ ጠፋች› ትባል ነበር፣ ፋሪሃ ዛሬ መኪና ሳይሆን የእስር ቤት ግድግዳ ነው የምታየው። ዝም አልኩ። ‹ጠፋች› ስትለኝ ‹ይገርማል› አልኳት። ምትክ ስትለኝ ምትክ ሰጠኋት። እንዲህ ነው ሰው የሚወጣው እዚህ አገር።»

«ምትኩ ሰው አይደለችም? ያ ልጅ እዚያው ቤት እያለ ሸምሲያን ሰደድሻት?»

ሉጥፊያ ልብሱን አራግፋ ሰቀለችው። «ሸምሲያ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ቤይሩት ሠርታለች፣ ጅዳ ሠርታለች። ሁሉን ነግሬያታለሁ። ‹እሄዳለሁ› አለች። እሷ የምትፈራው ልጅ አልተወለደም።»

«እሺ ባትል ኖሮስ?»

«ሌላ እፈልግ ነበር» አለችና ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። አሁን ዓይኗ ቀልቷል። «አንተ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠህ አንዱን ክር ባንዱ ላይ ስታሳልፍ ሁሉም በየመሥመሩ ይገባልሃል። የእኔ ሥራ እንደዚያ አይደለም። አንዷን ሳወጣ ሌላዋን አስገባለሁ። ሌላ መንገድ ካለህ አሳየኝ።»

ሌላ መንገድ አልነበረውም። ግን ሸምሲያን ሳያይ እንቅልፍ እንደማይወስደው አወቀ። በነጋታው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተመልሶ ሶባ ሄደና አረንጓዴውን በር አንኳኳ። ሸምሲያ ራሷ ከፈተች፤ እጇ በዱቄት ነጭቷል።

«ውጪ ልጄ፣ እቃሽን ያዢ። እወስድሻለሁ» አላት።

ሸምሲያ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ወዴት?»

«ወደ... ወደ ቤት።»

«የቱ ቤት? ግድግዳ ልደገፍ?» አለች። ጨክና አይደለም፣ በእርግጥ ልታውቅ ፈልጋ ነው። «አባባ፣ ልጁ ግብፅ ሄዷል፣ ለትምህርት። ሴትዮዋ ደግ ናት። እኔ ደኅና ነኝ።»

«መቼ ሄደ? አንቺ ስትገቢ ነበረ?»

«ስመጣ ሻንጣው በር ላይ ነበር። ሦስት ቀን አብረን ነበርን።»

«ሦስት ቀን...»

«አባባ፣ አይጠይቁኝ» አለች ሸምሲያ። «ዳቦዬ ይቃጠልብኛል።» በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።

ሙሄዲን እዚያ በር ላይ ምን ያህል እንደቆመ አያውቅም። ሉጥፊያ ልጁ ሊሄድ መሆኑን ታውቅ ነበር? አውቃ ነው የላከቻት ወይስ አላህ ነው ሸምሲያን ያወጣት? በእነዚያ ሦስት ቀናትስ? ሲመለስ ሚስቱን ጠየቃት። «አውቅ ነበር ብልህ ታምነኛለህ?» አለችው። ሲያስበው፣ ማመኑንም አለማመኑንም እርግጠኛ አልሆነም።

ከሁለት ቀን በኋላ በቱል ደወለች። ሉጥፊያ ስልኩን ዘግታ ባሏን ትክ ብላ አየችው።

«‹ያ ሽማግሌ የተከበረ ሰው ነው፣ ለእኅቴ ሠራተኛ ስትልኪ ከእሱ ጋር ላኪያት› አለች። ሰምተሃል? አንተን ሲያዩ ልጅቱ ወገን ያላት ይመስላቸዋል።»

«ወገኗ አይደለሁማ።»

«አጎቷ ነህ በል። ማን ይመረምርሃል?»

አንድ ሌሊት አስቦበት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ቤቱ ካላማረው «አይሆንም» የማለት መብት ይኑረው። ሉጥፊያ ከንፈሯን ነከሰች፣ እሺ አለች። ከጋሼ ወልደሥላሴ ጋር ተቀምጦ አራት ጥያቄ በሱዳን ዐረብኛ ሸመደደ። ቤቱ ውስጥ ማን ማን ያድራል? ልጅቱ የት ትተኛለች? በሯ ከውስጥ ይቆለፋል? ዓርብ ትወጣለች? ጋሼ ወልደሥላሴ እያሳቀ አስጠናው። «ኸላስ፣ በቃ፣ አሁን ሰው መሰልክ፣ እንደ ኪታብ አታውራ።»

ለዛኪርም እውነቱን ነገረው። ዛኪር ሁሉን ሰምቶ «ስፌት ነው አልከኝ? እንግዲህ ያው ጨርቅ ነው» አለ። ቀጥሎም «አንተስ አያ፣ ምን ትሠራለህ?»

«ጠዋት ጠዋት እተኩሳለሁ።»

«ትተኩሳለህ?! በምን?»

«በካውያ! ልብስ ነው የምተኩሰው! ከሰዓት ደግሞ አጎት ነኝ።»

«የማን?»

«የሁሉም» አለ ሙሄዲን፣ ሲናገረው ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

እንዲህ ሆኖ ወራት አለፉ። የደብረ ታቦሯ ናርዶስ አንገቷ ላይ ማተብ አስራ «አጎቴ» ትለዋለች፣ ሱዳኖቹ ይህን አይተው ግራ ይጋባሉ፣ እሱም አይፈርድባቸውም። ናርዶስን ይዞ የሄደበት ቤት ግን አላማረውም። እመቤቲቱን ሲጠይቃት ባልዋ ነው የሚመልስ። የልጅቱ ክፍል በር መዝጊያ የለውም። «አይሆንም» ብሎ ይዟት ወጣ። ናርዶስ ሚኒባስ ውስጥ እስከ ሳጃና አለቀሰች።

«ለምን አበላሸህብኝ? እናቴ ታማለች። ከዚያ የተሻለ ደሞዝ ከየት ላገኝ?»

ሉጥፊያም ተቆጣች፤ ደንበኛ ጠፋባት። በሳምንቱ ናርዶስ በሌላ ደላላ በኩል እዚያው ቤት ገባች። ሙሄዲን ይህን ሲሰማ ሁለት ቀን ምግብ አልበላም። በየቀኑ ክፉ ወሬ ይጠብቃል። ወሬው አልመጣም።

በሦስተኛው ወር፣ አንድ ዓርብ፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ አገኛት። አዲስ ጫማ አድርጋለች፣ ፊቷ ወዝቷል። ከሰው መሐል ሮጣ ትከሻውን ሳመችው።

«ደኅና ነሽ? ሰውየውስ?» አለ እየፈራ።

«ምንም አይል። ሚስቱ ጆሮዋ ደካማ ስለሆነ ነው እሱ የሚመልስላት። እኛ ሳናውቅ።»

«በሩስ?»

«ሱቅ ሄጄ መቀርቀሪያ ገዛሁ። የሠፈሩ አናጢ መታልኝ። ማማ ምንም አላለችም።»

ሙሄዲን ዳቦውን እንደታቀፈ ቆመ። ደስ ሊለው ነው ሊያፍር አላወቀም። ልጅቱን ሊያድናት ነበር፣ እንጀራዋን ሊያስቀር ነበር፣ ወይም ሁለቱንም። ናርዶስ ዓርቧ እንዳያልቅባት ተሰናብታው ሄደች።

ለሉጥፊያ ሲነግራት ሳቀች። እሱም ባያስበውም አብሯት ሳቀ፣ ካርቱም ከገባ ሁለቱ አብረው ሲስቁ ይኼ የመጀመሪያቸው ነው። በማግሥቱ ጀብራ ሰፈር ሌላ ልጅ የሚያደርስበት ቤት ነበረው። ሲሄድ ከመንገድ ዳር ሱቅ አንድ መቀርቀሪያና አራት ምስማር ገዝቶ ኪሱ ከተተ። እመቤቲቱ ውኃ አቀረበችለት፣ ጥያቄዎቹን መለሰች። ወደ ልጅቱ ክፍል ሲደርሱ ሙሄዲን ከኪሱ ብረቱን አውጥቶ በእጁ ላይ ዘረጋው። ሴትየዋ ብረቱን አየች፣ እሱን አየች። ተቆጥታ ይሁን ተገርማ ከፊቷ ማንበብ አልቻለም። እንደዚያ እንደቆሙ፣ ምን እንደሚል ስላላወቀ፣

«መዶሻ አለ?» ብሎ ጠየቃት።